የተላገ በር

መስከረም 28

ለውድ የእህቴ ልጅ፣ ለእመት ጥያቄ፣

ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ፣ ብርዱን ችሎ ካለሽበት ይድረስሽ። ፈጣሪ ከክፉ ዓይን፣ ከክፉ ጎረቤትና ከሚያዳልጥ ደረጃ ይጠብቅሽ። እኛ ደህና ነን። አክስትሽ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ምላሷ ምንም አልሆነም። የእኔ ጆሮ እንደምታውቂው ነው፤ የመጋዙ ማሽን ከወሰደው ወዲህ አልመለሰውም። ስለዚህ በስልክ እንነጋገር ያልሽውን ተዪው። ባለሱቁ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ሲለጥፍልኝ የሚሰማኝ የንብ ቀፎ ነው። ደብዳቤ ይሻለኛል፤ ደብዳቤ አይጮኽብኝም።

የማስተርስ ትምህርት መጀመርሽን ሰምተን ደስታችን ልክ አጣ። አክስትሽ ላገኘችው ሁሉ አወራች። ችግሩ “የምን ትምህርት ነው?” ሲሏት ነው። አንድ ቀን የመሬት ትላለች፣ አንድ ቀን የቤት አሠራር፤ ባለፈው ደግሞ “የሰው ጠባይ ነው” ብላ ልብስ ሰፊዋን አስደነገጠቻት። “እኔን ልታጠና ነው እንዴ?” አለች ሴትዮዋ። እውነቴን ነው፣ እኔም ደብዳቤሽን ደጋግሜ አንብቤ አልገባኝም። ሦስቱንም ባንድ ላይ ነው የምትማሪው? ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም ሲባል አልሰማሽም? አንቺ ደግሞ ጭራሽ ሦስት ዛፍ! እናትሽ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ብትኖር “ድሮም አንድ ወንበር ላይ አትቀመጥም” ትልሽ ነበር።

ወደ እኛ ልመለስ። ሥራ እንደ ዘንድሮ በዝቶልኝ አያውቅም። የዳገታችን በር ሁሉ አልዘጋም፣ አልከፈትም ይላል። ክረምቱ ከባድ ነበር፤ እንጨት ደግሞ እንደ ሰካራም ያገኘውን ይጠጣል፣ ከዚያ ያብጣል። መላጊያዬን ይዤ ከቤት ቤት ስዞር እውላለሁ። ከዳገቱ ሥርም መንገድ ማስፋት ጀምረዋል። ማሽኑ የዳገቱን እግር እየቆረሰ ነው፤ ሲያልቅ መኪና እስከ ደጃችን ይመጣል ብለው ተስፋ ሰጥተውናል። ሰፈሩ በሙሉ ከአሁኑ መኪና የገዛ ይመስል ደረቱን ነፍቷል።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። የመላጊያዬ ምላጭ በመሳል ብዛት አልቋል፤ እዚህ የሚሸጠው ደግሞ ሳሙና እንኳ አይቆርጥም። እዚያ ጥሩ ብረት ካገኘሽ አንድ ላኪልኝ። ስፋቱን በወረቀት ቀድጄ ከደብዳቤው ጋር አድርጌልሻለሁ።

አጎትሽ አናጢው

ኅዳር 6

ለተከበሩት አጎቴ፣

ጋሼ፣ እንዴት ሰንብተዋል? አክስቴስ ጉልበቷን ተሻላት? እኔ ከናፍቆት በቀር ደህና ነኝ። ጤናና ዕድሜ ይስጥልኝ፤ እጅዎን ከመጋዝ፣ ቤትዎን ከክፉ ይጠብቅልኝ።

ትምህርቴ ምን እንደሆነ ለአክስቴ በአጭሩ ይንገሩልኝ። እዚህ የተለያዩ ዘርፎችን ያጣመረ ትምህርት ይሉታል። ሰው ቤቱ ላይ የሚያየውን ምልክት፣ ስንጥቁን፣ የውሃ ጠብታውን፣ የወለሉን ጩኸት፣ ምን ብሎ እንደሚተረጉመው ነው የማጠናው። ለዚህ መሬቱንም፣ ቤቱንም፣ ሰውየውንም ማወቅ ይጠይቃል። አማካሪዎቼም ሦስት ናቸው። የመሬቱ አስተማሪ ምድር ቤት ነው ያለው፣ የሕንፃዋ አስተማሪ ፎቅ ላይ፣ የሰው ጠባዩ አስተማሪ ከግቢው ማዶ። እኔ በመካከላቸው ስወጣ ስወርድ እውላለሁ።

ሌሎቹ ተማሪዎች ስማቸው የተጻፈበት የደብዳቤ ሣጥን አላቸው። እኔ የለኝም፤ ጸሐፊዎቹ የማን ተማሪ እንደሆንኩ ገና አልተስማሙም። ይህኛውን ደብዳቤዎን ማዶ ያለው ክፍል ውስጥ የመስኮት ደፍ ላይ አገኘሁት። ስሥቅ አዩኝና ሳቁ። እውነቱን ልንገርዎ ግን፣ እፈራለሁ። ስብሰባ ላይ አንድ ነገር ስጠይቅ አንዱ “ይህ የእኔ ዘርፍ አይደለም” ብሎ ወደ ጎን ያያል፣ ጎኑ ያለውም እንዲሁ። ሁሉን ነካክቼ ምንም ሳልይዝ እንዳልመለስ ሥጋት ይዞኛል።

ምላጩን በላኩልኝ ወረቀት ልክ ገዝቼ በሌላ ጥቅል ልኬዋለሁ። ሻጩ ዕድሜ ልክ ያገለግላል ብሎኛል።

ጋሼ፣ ለነገሩ ያህል፣ ክረምቱ ካለፈ ቆየ እኮ። በሮቹ አሁንም ይይዛሉ?

የእህትዎ ልጅ

ታኅሣሥ 20

ለእመት ጥያቄ፣

ዕድሜሽ ይርዘም፣ እንደላክሽው ምላጭ የማትደንዢ ያድርግሽ! ምን ዓይነት ብረት ነው ልጄ! እንጨቱ ላይ ስታሳርፊው ራሱ ይሄዳል። አክስትሽ “ከእኔ በላይ ታየዋለህ” ብላ ቀንታለች።

መጀመሪያ የሞከርኩት በልብስ ሰፊዋ በር ላይ ነው። ለመንገድሽ ካፖርት የሰፋችልሽን፣ በውስጡም ለፓስፖርትሽ ድብቅ ኪስ የሠራችልሽን ሴትዮ መቼም አልረሳሻትም። በሯ አልከፈት ብሏት በመስኮት መውጣት ጀምራ ነበር። ያን ሁሉ ሰውነት በዚያች መስኮት ስታሳልፍ ሰፈሩ የሳቀውን ሳቅ እኔ ደንቆሮው ሳልቀር ሰማሁት። ዳግመኛ እንዳትቸገር ብዬ ዙሪያውን ትርፍ አድርጌ ላግሁላት። አሁን በአንድ ጣት ትገፋዋለች፤ ድምፅ እንኳ የለውም። ግድግዳዋም ላይ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ነበር፤ እሱንም በሲሚንቶ ደፈንኩላት። ስትመለሺ በነፃ ቀሚስ ልትሰፋልሽ ምላለች፤ እሷ ደግሞ በነፃ ሰፍታ አታውቅምና ቁም ነገር አድርገሽ ያዢው።

ለጠየቅሽኝ፣ አዎ፣ በሮቹ አሁንም ይይዛሉ። እንዲያውም ብሰዋል። ዝናቡ ቆሞ አቧራው ዓይን አያስገልጥም፤ ይገርማል። ግን እንጨት ቂመኛ ነው፣ የጠጣውን ቶሎ አይለቅም። እኔ ምን ቸገረኝ፣ ሥራ ነው። የራሴ በር ብቻ ፀጥ ብሏል። ለሠርጌ የሠራሁት በር እንዲህ በዋዛ አያሳፍረኝም።

መንገዱ እየገፋ ነው። የዳገቱ እግር ተቆርጦ ቀይ አፈሩ እንደ ግድግዳ ቆሟል፤ ልጆች ስማቸውን ይጽፉበታል።

አጎትሽ አናጢው

ጥር 22

ለተከበሩት አጎቴ፣

ጤና ይስጥልኝ። ለአክስቴም ለልብስ ሰፊዋም ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። ፈጣሪ ሁላችሁንም ይጠብቅልኝ፤ ይህን ከልቤ ነው የምጽፈው።

ዛሬ ደብዳቤዬ አጭር ነው። ለትምህርቴ የሚረዳኝ ነገር ልጠይቅዎ። ያልተላጉ በሮች ካሉ መቃኑን የሚነክሱት የት ላይ እንደሆነ ይዩልኝ። ከላይ ነው ከታች? በዳገቱ በኩል ነው ወይስ በሸለቆው በኩል? ነው ወይስ ቁመታቸውን ሙሉ? ማጠፊያቸው በግራ የሆኑትንም በቀኝ የሆኑትንም ይመልከቱ።

ሁለተኛው ልመናዬ እንግዳ ይመስልዎታል። እስከምጽፍልዎ ድረስ ምንም በር አይላጉ። ስንጥቅም አይድፈኑ።

አክስቴ የምትተኛው አሁንም ከኋላው ክፍል ነው? ከተቻለ ወደ ፊተኛው ብትዛወር ለጉልበቷም ይሻላት ነበር።

ለምን እንደሆነ ለጊዜው አይጠይቁኝ። መልስዎን ቶሎ ይላኩልኝ፤ እባክዎ።

የእህትዎ ልጅ

የካቲት 15

ለእመት ጥያቄ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ፣ ጤናሽ ይብዛ። እመት ጥያቄ “አይጠይቁኝ” ስትል ለመስማት በቃሁ! አክስትሽ ደብዳቤሽን ሳነብላት “ይህች ልጅ ታማለች” አለች። የምትተኛበትን ክፍል ከጉልበቷ ጋር ምን እንዳገናኘሽው ስታሰላስል ውላ፣ ማታውኑ ፍራሿን ወደ ፊት አወጣች። ምክንያቱን ሳታውቅ ስትታዘዝ ይህ የመጀመሪያዋ ነው፤ ያውም ላንቺ እንጂ ለእኔ አይደለም።

አናጢን አትላግ ማለት ዶሮን አትጫሪ ማለት ነው። ሰዎቹ ደጅ ቆመው ይጠብቁኛል። “የእህቴ ልጅ ከልክላኛለች” ብል ማን ይሰማኛል? መላጊያዬ ተሰብሯል አልኳቸው። በዚህ ዕድሜዬ ውሸታም አደረግሽኝ።

ያዘዝሽኝን ግን አድርጌያለሁ። ያልተላጉትን በሮች አንድ በአንድ አየሁ። ሁሉም የሚነክሱት በሁለት ጥግ ነው፤ ላይ በዳገቱ በኩል፣ ታች በሸለቆው በኩል። መካከላቸው ወረቀት ያሳልፋል። ማጠፊያቸው ግራም ይሁን ቀኝ አንድ ነው። አሮጌውም፣ ዓምና የተሠራውም፣ የእንጨቱም፣ የባለሱቁ የብረት በር ሳይቀር። እዚህ ላይ ቆም አልኩ። ብረት ውሃ አይጠጣም።

ምንድነው የምትደብቂኝ? ደብዳቤሽን ሳነበው ልቤ ደስ አላለውም። ቶሎ ጻፊ።

አጎትሽ አናጢው

ሚያዝያ 13

ለተከበሩት አጎቴ፣

ጋሼ፣ ሰላምታውን ይቅር ይበሉኝና በቀጥታ ልጻፍ። የየካቲት ደብዳቤዎ የደረሰኝ ትናንት ነው። እዚህ ከደረሰ ቆይቷል። የማን ተማሪ እንደሆንኩ ያላወቀች አንዲት ጸሐፊ፣ ባለቤቱ ሲመጣ ይወስደዋል ብላ፣ ጨርሶ ወደማልሄድበት ክፍል መሳቢያ ውስጥ አስቀምጣው ነበር። እኔ በየቀኑ በሦስቱም ክፍሎች እየዞርኩ ስጠይቅ እሱ እዚያ ተኝቷል።

ጋሼ፣ በሮቹ አላበጡም። እንጨት ውሃ ሲጠጣ ቁመቱን ሙሉ ነው የሚይዘው። በሁለት ጥግ ብቻ፣ ያውም ሁሉም በተመሳሳይ ጥግ የሚነክሱት መቃኖቹ ስለዘመሙ ነው። መቃኖቹ የዘመሙት ቤቶቹ ወደ ሸለቆው ስለዘመሙ ነው። ቤቶቹ ሁሉ ባንድ አቅጣጫ የሚዘሙት ደግሞ ዳገቱ እየሄደ ስለሆነ ነው። መንገዱ እግሩን ቆርጦበታል፤ የሚደገፍበት የለውም። ዝናብ ሲጠጣ ይከብዳል። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን መጻፍ አልችልም።

በጥር ነው የጠረጠርኩት። ለምን ያኔ አልነገርሽኝም ይሉኛል። የምርምር ፈቃድ የሚሰጥ ኮሚቴ አለ። የእርስዎን ደብዳቤዎች ለጥናቴ ልጠቀም ብዬ ሳስፈቅድ “መሬቱ በመሣሪያ ሳይለካ ሰዎቹን ማስደንገጥ ክልክል ነው፣ ከነገርሻቸው ትምህርትሽን ታጪያለሽ” አሉኝ። የመሬቱ አስተማሪ ደብዳቤ መረጃ አይሆንም አለ። የሕንፃዋ አስተማሪ ቤቶቹን ካላየሁ አልፈርምም አለች። የሰው ጠባዩ ደግሞ ሰው ቢደነግጥ ተጠያቂው ማነው አለ። እኔም በመካከላቸው ዝም አልኩ። ዛሬ ግን ይኸው ጻፍኩት። የሚያደርጉኝን ያድርጉኝ።

ከዚያ ዳገት ውረዱ። አክስቴን፣ ልብስ ሰፊዋን፣ ሁሉንም ይዘው ይውረዱ። ዝናቡ ሳይጀምር። ይህ እስኪደርስዎ መጠበቅ ስለማልችል ነገ ባለሱቁ ጋ እደውላለሁ።

የእህትዎ ልጅ

ግንቦት 6

ለውድ የእህቴ ልጅ፣

ፈጣሪ ያፅናሽ፣ ያበርታሽ። ደብዳቤሽ ከትናንት በስቲያ ደረሰኝ፤ ስልክሽ ቀድሞት ነበር። ስልኩ እንዴት እንደነበር ልንገርሽ።

ባለሱቁ አስጠርቶኝ ስሄድ ሱቁ በሰው ተሞልቷል። ስልኩን ጆሮዬ ላይ አደረገልኝ፣ ንቡ ጮኸ፣ መለስኩለት። እሱ ካንቺ እየሰማ ወደ እኔ መጮኽ ጀመረ። “ዳገቱ ይሄዳል ትላለች!” ሰው ሁሉ ዞረ። “ቤታችሁን ለቃችሁ ውረዱ ትላለች!” አንዱ “ዳገቱ ወዴት ነው የሚሄደው? ለትምህርት ነው?” ሲል ሱቁ በሳቅ ፈረሰ። ባለሱቁም ሳቁን መያዝ አቅቶት አየሁት። አንቺ በዚያ ጫፍ እያለቀስሽ እንደነበር ባለሱቁ የነገረኝ ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳልፍ “ጋሼ፣ ዳገቱ የት ደረሰ?” ይሉኛል።

ደብዳቤሽ ሲመጣ ይዤው ማዘጋጃ ቤት ሄድኩ። ረጅም ወረፋ ጠብቄ ከአንድ መሐንዲስ ፊት ቀረብኩ። አነበበውና “የምን ባለሙያ ናት?” ብሎ በወረቀት ጻፈልኝ። የመሬትም፣ የቤትም፣ የሰውም አልኩት። “እንግዲያው የአንዱም አይደለችም” ብሎ ጻፈ። የባለሙያ ማህተም ያለበት ካመጣሁ ያዩታል። እመት ጥያቄ፣ ያኔ ስለ ሦስቱ ዛፍ የቀለድኩትን አስታወስኩና አፈርኩ። የሰውየውን ወረቀት ቀደድኩት።

አሁን ሳልነግርሽ የቆየሁትን ልንገርሽ። የራሴ በር ፀጥ ብሏል ያልኩሽ ቀን እውነት ነበር። ከመጋቢት ወዲህ ግን ይነክሳል። ላይ በዳገቱ በኩል፣ ታች በሸለቆው በኩል። አክስትሽ እንዳትሰማኝ ሁለቱንም ጥግ ቀስ ብዬ ላግሁት። በሳምንቱ መልሶ ያዘ። የኋላውን ግድግዳ በወፍራም አጣና ደግፌዋለሁ። ለአክስትሽ የልብስ መስቀያ ነው ብያታለሁ፤ ልብሷንም ሰቅላበታለች።

ልጄ፣ ፈርቻለሁ። ሰው ሁሉ የሚሥቅበት ቦታ ብቻዬን መፍራት ከበደኝ። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የሚሉት ለእኛ ነው፤ መንገዱን አየን፣ ዳገቱን አላየንም። አክስትሽን ማዶ እህቷ ዘንድ አወርዳታለሁ። ሌሎቹን ግን ምን ብዬ ላውርዳቸው?

አጎትሽ

ግንቦት 27

ለተከበሩት አጎቴ፣

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። አክስቴን አወርዳለሁ ያሉትን ሳነብ ከወንበሬ ተነስቼ ተቀመጥኩ፤ የማደርገውን አላውቅም ነበር።

ኮሚቴው ጠርቶኝ ነበር። ሰዎቹን አስጠንቅቀሻል ወይ አሉኝ። አዎ አልኩ። ትምህርቴ እስኪጣራ ታግዷል፤ የቤተ መጻሕፍት ካርዴም አይሠራም። ስወጣ የመሬቱ አስተማሪ ኮሪደር ላይ ተከተለኝ። የየካቲት ደብዳቤዎን በድጋሚ ጠየቀኝ። ግድግዳው ተደግፎ አነበበው። “የብረቱም በር?” አለኝ። አዎ ስለው ፊቱ ተለወጠ። ዳገቱን ከሰማይ ያነሱበትን ፎቶግራፍ አስመጥቼ አያለሁ፣ ጊዜ ግን ይወስዳል አለ። ቀጥሎ ያለውን ቀስ ብሎ ነው የተናገረው፤ “ዝናቡ መቼ ይጀምራል?”

ማህተሙን ሲያመጣልኝ እልክልዎታለሁ። አይጠብቁት። ሳይቃጠል በቅጠል ነው ጋሼ። ሰውን እንዴት እንደሚያወርዱ እኔ አላውቅም፤ ይህን ያህል ተምሬ ይህችን አላውቅም። እርስዎ ያውቋቸዋል። እየሣቁም ይሁን እየሰደቡ፣ ብቻ ይውረዱ።

የእህትዎ ልጅ

ሰኔ 18

ለእመት ጥያቄ፣

ሰላምታዬ ከትምህርት ቤቱ ግቢ ይድረስሽ። ከዳገቱ ማዶ፣ ከመንገዱ ወዲያ ያለውን፣ አንቺም የተማርሽበትን ነው የምልሽ። ልጆች ለክረምት ተዘግቶላቸው ክፍሎቹ ባዶ ነበሩ፤ አሁን ግን የሰፈራችን ሰው ሞልቶባቸዋል። ሁሉም ይረግመኛል። ደስ ብሎኝ እሰማለሁ፤ ማለቴ አልሰማም።

ነገሩ እንዲህ ነው። መንገዱ ሊመረቅ ነው ሲባል ሰፈሩ ቤቱን ማሳመር ጀመረ። ያኔ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። በሮቻችሁን ሁሉ በነፃ ልጌ ቀለም እቀባላችኋለሁ፣ ትምህርት ቤቱ ግቢ ሰፊ ስለሆነ እዚያ እሠራዋለሁ አልኩ። ነፃ ሲባል ማን ወደ ኋላ ይላል? ራሳቸው ተሸክመው አወረዱልኝ። አንዱ እንዲያውም የጓዳውንም ጨመረልኝ። ሁሉም ከወረደ በኋላ በሮቹን ክፍል ውስጥ ቆልፌ ቁልፉን ለዘበኛው ሰጠሁና “ክረምቱ ሳያልፍ በር የለም” አልኳቸው።

ጉድ ፈላ! ሊደበድቡኝም ያሰቡ ነበሩ። ባለሱቁ “አብዷል” ብሎ ጻፈልኝ፤ ሌላ ሰው እንዳይሰማ ብሎ ሳይሆን እኔ እንድሰማው ብሎ። ግን ልጄ፣ በር በሌለው ቤት ማን ያድራል? ዳገቱ ይናዳል ስል የሣቀ ሁሉ ሌባ ይገባል ሲባል አልሣቀም። ዕቃውን እያሰረ፣ እኔን እየረገመ ወረደ። የራሴንም በር ነቅዬ አውርጃለሁ፣ አድልቷል እንዳይሉኝ።

አንዲት ሰው ብቻ ቀረችብኝ። ልብስ ሰፊዋ በሯን አልሰጠችኝም። “በዚያ ምላጭ የላግኸውን ምን ልትልገው ነው? ቀለሙን እዚሁ ቀባልኝ” አለችኝ። እውነቱን ነገርኳት። የስፌት መኪናዋን ትታ ተነሳችና በሩን በአንድ ጣት ከፈተችው፣ በአንድ ጣት ዘጋችው። በትልቁ ጻፈችልኝ፤ “ቤቴ ቢዘም ኖሮ በሬ አይነግረኝም ነበር?”

ትናንትም ሄድኩ፣ ዛሬም ሄድኩ። ዝናቡ ጀምሯል። ነገም እሄዳለሁ፤ እምቢ ካለች ከነስፌት መኪናዋ ተሸክሜ አወርዳታለሁ።

አጎትሽ

ሐምሌ 9

ለተከበሩት አጎቴ፣

ጋሼ፣ ደብዳቤዎ ዛሬ ደረሰኝ። ወደ ዳገቱ አይመለሱ። ይህን ሲያነቡ ምን ያህል እንደዘገየ አውቃለሁ፤ ግን ሌላ የምጽፈው የለኝም። ባለሱቁ ጋ ስደውል ስልኩ አይጠራም። ደጋግሜ ደወልኩ። ጭራሽ አይጠራም።

ፎቶግራፉ መጥቷል። የመሬቱ አስተማሪ አየውና ዳገቱ እየሄደ መሆኑን ለኮሚቴው በራሱ እጅ ጻፈ፤ እገዳው ይነሳል ብለውኛል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። እኔ ትምህርቱንም ማህተሙንም አልፈልገውም። ያለሁበት ክፍል በር በከፈትኩ በዘጋሁ ቁጥር ጥጉን አያለሁ።

ደህና ነኝ የምትል አንዲት ቃል ይላኩልኝ። ስለ ልብስ ሰፊዋም።

የእህትዎ ልጅ

ሐምሌ 14

ለውድ የእህቴ ልጅ፣

በሕይወት አለሁ። አክስትሽም ደህና ናት። ይህን አስቀድሜ የጻፍኩት እንዳትደነግጪ ብዬ ነው። ለመጻፍ የዘገየሁት እጄ ቆስሎ ነው፤ ስንቆፍር ነው የቆሰለው፣ እየዳነ ነው። ለመጨረሻው ደብዳቤዬ የሰጠሽኝ መልስ ገና አልደረሰኝም፤ ምን እንደሚል ግን ሳላነበው አውቀዋለሁ።

ዳገቱ የወረደው ያን ደብዳቤ በጻፍኩልሽ ማግሥት ጠዋት ነው። ሰዎቹ ግቢው ውስጥ ቁርስ እያበሰሉ፣ እኔም ወደ እሷ ልሄድ ጫማዬን እያሰርኩ ነበር። የሰማሁት ነገር የለም። ቀና ስል የሁሉም ፊት ወደ አንድ ጎን ዞሯል፤ ባለሱቁ አፉን ከፍቶ፣ አንዲት እናት ልጇን ወደ ደረቷ ጨምቃ። መሬቱ ከጫማዬ ሥር ተንቀጠቀጠ። እኔም ዞሬ አየሁ። ዳገቱ አልነበረም። አፈርና ጭስ የመሰለ አቧራ ነበር፣ በዚያ ሁሉ ዝናብ አቧራ። የእኔ ቤት፣ የሁሉም ቤት፣ የሱቁ ስልክ፣ አዲሱ መንገድ፣ ሁሉም ታች ሸለቆው ውስጥ ነው።

ያን ቀን የረገመኝ ሁሉ መጥቶ እግሬ ላይ ወደቀ። አልወደድኩትም፤ አነሳኋቸው። ባለሱቁ አካፋ አንስቶ ከፊቴ ቀደመ። ልብስ ሰፊዋን ፍለጋ ብዙ ቀን ቆፈርን። የስፌት መኪናዋን አገኘነው። እሷን ትናንት አገኘናት፤ ቀበርናት። አክስትሽ ራሷ አጠበቻት።

“በእኔ ምላጭ ነው” ብለሽ እንዳታስቢ። ምላጩን የላክሽው እኔ ብጠይቅሽ ነው፤ ትርፍ አድርጌ የላግሁትም እንዳትቸገር ብዬ ነው። ይህን ላንቺ ስጽፍ ለራሴም እየነገርኩት ነው፤ ጆሮዬ እንደምታውቂው ነውና ቶሎ አልሰማም።

ትምህርቱን ተውኩ እንዳትዪኝ። ጨርሺው። ያ መሐንዲስ “የምን ባለሙያ ናት?” ሲል የምመልስለት ስም አምጪልኝ። ሌላም ዳገት፣ ሌላም እንደ እኔ ያለ አናጢ የትም አይጠፋም። አስተማሪዎችሽ መረጃ የታለ ካሉሽ ይምጡና ይዩ። ቤት የለንም፣ በሮቻችን ግን ሁሉም አሉ። ትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ደርድረናቸዋል፤ የተላጉት የተላጉበት፣ ያልተላጉትም የተፋቁበት ሁለት ጥግ ነው፣ ላይ በዳገቱ በኩል፣ ታች በሸለቆው በኩል። ዳገቱ ሲሄድ እንደሰነበተ አንድ በአንድ ይነግሯቸዋል።

የጎደለው የልብስ ሰፊዋ በር ብቻ ነው። እሱማ ቢኖርም ምንም አይነግራቸውም ነበር፤ እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ ድምፅ ሳያሰማ ነው የተዘጋው።

አጎትሽ